ስሙ ያልተጠራ መብት፤ የፈረሰኛ መንገድ ታሪክ በእንግሊዝ አገር

በእንግሊዝ አገር ባላገሩ ወደ ገበያ፣ ነጋዴው ወደ ወደብ፣ መነኩሴው ወደ ገዳሙ ርስት፣ መልእክተኛው ወደ ንጉሥ አደባባይ በፈረስ ጀርባ በሚመላለስበት ረዥም ዘመን፣ ፈረሰኛ በወል መሬትና በደን ውስጥ ለማለፍ መብት አለውን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ከልማድ ሁሉ የቀደመ ልማድ ስለ ነበረ፣ ሊጽፈው የተነሣ ጸሐፊ፣ ሊያጸናው የተሰየመ ችሎት አላስፈለገውም። ዛሬ ግን በዚያው አገር በሕዝብ መተላለፊያነት ከተመዘገበው ከ188,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ውስጥ ፈረሰኛ በሕግ የሚገባበት ከመቶው 22 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ይህ የሆነው አንድ ንጉሥ ወይም አንድ ፓርላማ ፈረሰኛን በዐዋጅ ስላገደው አይደለም፤ መብቱ ሳይከለከልና ሳይሻር፣ ስሙ ባለመጠራቱ ጥቂት በጥቂት ስለ ጠፋ ነው። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ በዘመን ቅደም ተከተል እንተርካለን፤ ዓመታቱም ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1066 ከኖርማንዲ ባሕር ተሻግሮ የእንግሊዝን ዘውድ በጦር የጨበጠው ዊልያም ድል አድራጊው አደን እጅግ የሚወድ ንጉሥ ስለ ነበረ፣ ከአገሩ ሰፋፊ ክፍሎችን ለይቶ፣ ከተራው ሕግ ውጭ በሆነ በሕገ ዱር ሥር አዋላቸው፤ በ1079 ገደማ የተከለለውና እስከ ዛሬ ኒው ፎረስት እየተባለ የሚጠራው የሐምፕሸር ደን ከእነዚህ አንዱ ነው። ሕገ ዱሩ ዛፍ ከበቀለበት ስፍራ አልፎ ሜዳውንና የሚታረሰውን ማሳ፣ መንደሩንም ጭምር ይገዛ ነበርና፣ በዚያ የሚኖር ባላገር የንጉሡን አጋዘን ቢገድል ዐይኑን እስከ ማጣት ይደርስ ነበር፤ የደኑም ሹማምንት በኬላ ላይ ቆመው ከመንገደኛው ያሻቸውን ቀረጥ ይቀበሉ ነበር።

ከዊልያም በኋላ የነገሡት ነገሥታት የሕገ ዱሩን ወሰን እያሰፉት ስለ ሄዱ፣ የመኳንንቱና የባላገሩ ምሬት አንድ ሆነ፤ ንጉሥ ጆን በ1215 ማግና ካርታን እንዲያጸና ከተገደደና በዓመቱ ካረፈ በኋላ፣ የደኑ ጉዳይ ራሱን የቻለ መልስ የሚሻ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ገና ሕፃን በነበረው በሣልሳዊ ሄንሪ ስም፣ እንደራሴው ዊልያም ማርሻልና የሮማው ሊቀ ጳጳሳት መልእክተኛ ካርዲናል ጓላ ማኅተማቸውን ያኖሩበት የደን ቻርተር ኖቬምበር 6 ቀን 1217 ወጣ። ይህ ሰነድ ከእንግዲህ ወዲህ በንጉሡ አጋዘን ምክንያት ማንም ሰው ነፍሱን ወይም የአካሉን ክፍል እንዳያጣ ደነገገ፤ ነጻ ሰው ሁሉ እሪያዎቹን በንጉሡ ደን አቋርጦ ያለ ከልካይ እንዲነዳ ፈቀደ፤ ኬላውንም በልክ አድርጎ፣ እንጨትና የዛፍ ልጥ ከሰል ጭምር ገዝቶ ለመነገድ ከውጭ የሚመጣ ሰው ብቻ ለግማሽ ዓመት ስለ አንድ ጋሪ 2 ፔኒ፣ ሸክም ስለሚጭን ስለ አንድ ፈረስ ደግሞ ግማሽ ፔኒ እንዲከፍል፣ እንጨቱን በጀርባው የሚሸከም ድሀ ግን ከቶ እንዳይጠየቅ አዘዘ። አንባቢ ይህን አንቀጽ ልብ ይበለው፤ በዚያ ጥንታዊ ሰነድ ውስጥ ጋሪውም፣ ፈረሱም፣ እግረኛውም በየስማቸው ተጠርተዋል፤ ስሙ የተጠራ ደግሞ ዕዳው ብቻ ሳይሆን መተላለፊያውም የታወቀ ነው።

ከዚህ በኋላ ባሉት ክፍለ ዘመናት የፈረስ መንገድ የአገሪቱ ደም ሥር ሆነ። ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1285 በዊንቸስተር ባወጣው ዐዋጅ፣ ወንበዴ ተሸሽጎ መንገደኛን እንዳይዘርፍ፣ ከአንዱ የገበያ ከተማ ወደ ሌላው በሚወስደው ታላቅ መንገድ ግራና ቀኝ 200 ጫማ ያህል ቁጥቋጦው እንዲመነጠር አዘዘ። በሰሜኑ በፔናይን ተራሮች ላይ ሱፍና ጨው የተጫኑ ፈረሶች በሰልፍ የሚያልፉባቸው ጠባብ መንገዶች ተዘርግተው፣ ጭነቱ እንዳይነካካ ሲባል ጠርዛቸው ዝቅ ተደርጎ የተሠሩት ትንንሽ የድንጋይ ድልድዮች እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። ሳምናዊ ሄንሪም በ1540 ዘሩ እንዳይደክም ብሎ፣ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት ያለፈ ቁመታቸው ግን 15 መዳፍ፣ ማለት አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ ያልሞላ ድንጉላ ፈረሶች በተጠቀሱት አውራጃዎች በወል መሬትና በደን እንዳይሰማሩ በሕግ ከለከለ፤ ይህም ክልከላ ራሱ ፈረስ በወል መሬት ላይ እንግዳ ሳይሆን ባለቤት እንደ ነበረ ይመሰክራል።

የሕጉን ሊቃውንት ትምህርት ደግሞ ኤድዋርድ ኮክ በ1628 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ በጥሩ ሥርዐት አደላድሎታል። ኮክ ከሮማውያን ሕግ ተቀብሎ መንገድን በሦስት ከፈለው፤ ይኸውም የመጀመሪያው የእግረኛ ብቻ የሆነ፣ ሁለተኛው እግረኛም ፈረሰኛም በአንድነት የሚሄዱበት፣ ሦስተኛው ለሁለቱም ሆኖ ለሠረገላ ጭምር የተከፈተ ነው። በዚህ ሥርዐት ሰፊው ጠባቡን ይይዛልና፣ ለፈረሰኛ የተከፈተ መንገድ ሁሉ ለእግረኛም የተከፈተ ነው፤ ለእግረኛ ብቻ የተመዘገበ ግን ፈረሰኛውን ውጭ ያስቀረዋል። ይህን የማይናወጥ መሠረት የያዘ ሰው በኋላ የመጣው ጥፋት ሁሉ ከየት እንደ ፈለቀ ያስተውላል። በዚያ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ጥፋቱ ገና ሩቅ ነበርና፣ ሴሊያ ፋይንስ የተባለች ወይዘሪት በጎን ኮርቻ ተቀምጣ እንግሊዝን ከዳር እስከ ዳር በፈረስ ዞራ፣ ያየችውንም ጽፋ ለመተው ችላለች።

ከዚህ በፊት በ1637 ቀዳማዊ ቻርልስ በለንደን አጠገብ የሚገኘውን የሪችመንድን ምድር፣ የአጥቢያዎቹን የወል መሬት ጨምሮ፣ ለአደኑ በረዥም ግንብ አጥሮት ነበር፤ ሕዝቡ ቢያጉረመርምም ንጉሡ ለእግረኛው መተላለፊያ ትቶለት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የዳግማዊ ጆርጅ ልጅ ልዕልት አሚሊያ የመናፈሻው ጠባቂ በሆነች ጊዜ ግን የይለፍ ወረቀት የሌለው ሰው እንዳይገባ በሩን ስለ ዘጋችው፣ ጆን ሉዊስ የተባለ የሪችመንድ ቢራ ጠማቂ በ1755 ከበር ተመልሶ ወደ ችሎት ሄደ፤ በ1758ም ዳኛው ሰር ማይክል ፎስተር ለእርሱ ፈረደለት። ዳኛው በር ይሻልሃል ወይስ መሰላል ብሎ ቢጠይቀው፣ ሉዊስ በር ሊቆለፍ እንደሚችል አስቦ መሰላልን መረጠ ይባላል። የጠየቀው የእግረኛን መብት ነውና መልሱ ብልሃትና ጀግንነት ያለው ነበር፤ ይሁን እንጂ መሰላል ለእግረኛ መግቢያ ሲሆን ለፈረስ ከግንቡ አይለይም፤ ስለዚህም የነጻነት ወዳጆች ድል ሲቀዳጁ ፈረሰኛው ሳይታሰብ ከውጭ የቀረበት ዘመን እዚህ ላይ ጥላውን መጣል ጀመረ።

ታላቁ የመሬት መታጠር ሲመጣ ነገሩ የአገሩን ሁሉ መልክ ለወጠ። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ ፓርላማው ከ5,200 በሚበልጡ ዐዋጆች 6.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ ማለት ከእንግሊዝ ምድር አምስተኛውን እጅ ጥቂት የሚያልፍ፣ የወል መሬትና ክፍት ማሳ አሳጠረ፤ ላሙን በወል ሜዳ ሲያሰማራ የኖረው ድሀ ባላገር በቅጽበት ባዕድ ሆነ። አጣሪ ኮሚሽነሮቹ አሮጌውን መንገድ አጥፍተው በቀያሽ ገመድ አዲስ መንገድ ይዘረጉ ነበር፤ የ1801 አጠቃላይ ሕግም የሕዝብ የሠረገላ መንገድ ወርዱ ከ30 ጫማ እንዳያንስ ሲወስን፣ ኮሚሽነሮቹ የፈረስና የእግር መንገድንም በየውሳኔ መዝገባቸው ያሰፍሩ ነበር። ነገር ግን አንድ እጅ እየጻፈ ሌላው ይደመስስ ነበርና፣ በ1815 የወጣ ሕግ ሁለት የሰላም ዳኞች ተስማምተው አላስፈላጊ ያሉትን መንገድ እንዲዘጉ ሥልጣን ሰጣቸው፤ ዳኞቹም ባለርስቶች ነበሩና፣ ጎረቤት ለጎረቤት እየፈረደ ብዙ መንገድ ጠፋ። የ1835 የመንገድ ሕግ ይህን ሥልጣን ወደ ከፍተኛው የአውራጃ ችሎት በማዛወሩ ጉዳቱን በጥቂቱ ገታው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እኩሌታ ከተሞች በጢስና በሕዝብ ብዛት በታፈኑ ጊዜ፣ ከመታጠር የተረፈውን የወል መሬት ለማዳን በ1865 የወል መሬት ጥበቃ ማኅበር በጆርጅ ሾው ለፌቨር መሪነት ተመሠረተ፤ ሮበርት ሀንተርና ኦክታቪያ ሂልም ከስመ ጥር ሠራተኞቹ መካከል ናቸው። በዓመቱ ባለጉልቱ ሎርድ ብራውንሎ በበርክሃምስቴድ የወል መሬት ላይ የብረት አጥር ባቆመ ጊዜ፣ ኦገስተስ ስሚዝ የተባለ የወሉ ባለመብት ከለንደን 120 የጉልበት ሠራተኞች በሌሊት ባቡር አስመጥቶ፣ ማርች 6 ቀን 1866 ንጋት ላይ አጥሩን ሁሉ ነቅሎ በሥርዐት አስተኛው፤ በ1870ም ችሎቱ ለስሚዝ ፈረደለት። ከዚህ በኋላ ለኤፒንግ ደን በተደረገው ክርክር የለንደን ከተማ አስተዳደር ተከራክሮ በ1874 ከዳኛው ከሰር ጆርጅ ጄስል ፍርድ አገኘ፤ የ1878 ዐዋጅም 6,000 ኤከር የሚጠጋውን ደን ለሕዝብ መናፈሻነት አጸናው፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በ1882 በአካል ተገኝታ ለሕዝቧ ደስታ አበረከተችው። እነዚህ ሰዎች ላደረጉት ምስጋና ይገባቸዋል፤ ዳሩ ግን ቃላቸው ሁሉ በከተማ ጢስ ስለ ታፈነው እግረኛ ነበር፤ የለንደን ጎዳና ሁሉ በፈረስ ኮቴ በሚናወጥበት ዘመን ፈረሰኛው ጠበቃ ያስፈልገዋል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

በ1925 የወጣው የንብረት ሕግ ግን በ193ኛው አንቀጹ፣ ምናልባት ጸሐፊዎቹ ካሰቡት የሰፋ በረከት አኖረ። አንቀጹ በለንደን አካባቢና በከተማ ቀበሌዎች ውስጥ በሚገኙ የወል መሬቶች ላይ የሕዝብ አባል ሁሉ አየር ለመቀበልና ሰውነቱን ለማንቀሳቀስ የመግባት መብት እንዳለው ደነገገ፤ በእግር ይሁን በፈረስ ግን አልለየም። በ1932 የወጣው የመተላለፊያ ሕግ ደግሞ ሕዝቡ ለ20 ዓመት ያለ ማቋረጥና በመብቱ የተመላለሰበትን መንገድ ለሕዝብ እንደ ተሰጠ ቈጠረው፤ ይህም ለእግረኛ ብቻ ሳይሆን ለፈረሰኛም የቆመ ሥርዐት ነበረ።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል 24 ቀን ቤኒ ሮትማንን የተከተሉ የማንቸስተር ወጣት ሠራተኞች የኪንደር ስካውትን ተራራ ያለ ፈቃድ በመውጣታቸው፣ ከመካከላቸውም አምስቱ በመታሰራቸው፣ ሕዝቡ በአገሩ ተራራ ላይ ይሂድ የሚለው ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሚኒስትሩ ሉዊስ ሲልኪን ያቀረቡት የ1949 ዐዋጅ ብሔራዊ ፓርኮችን ከማቋቋሙ በላይ፣ የአውራጃ ምክር ቤት ሁሉ የሕዝብ መተላለፊያዎቹን አጣርቶ ሕጋዊ ካርታ እንዲያወጣ አዘዘ። አሳቡ የተቀደሰ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው የወደቀው በየአጥቢያው ምክር ቤት ላይ ስለ ሆነ፣ ጊዜውም ትራክተር ፈረስን ከእርሻው፣ አውቶሞቢል ከጎዳናው ያስወጣበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ መዝጋቢዎቹ በመንገዱ ላይ ያዩትን እግረኛ እንጂ አባቶቻቸው ያሳለፉትን ፈረስ አላሰቡም፤ ብዙ የጥንት የፈረስ መንገድ የእግር መንገድ ተብሎ በካርታው ላይ ሰፈረ፤ አንዳንዱም መንገድ የአጥቢያው ድንበር እስኪደርስ የፈረስ፣ ድንበሩን ሲሻገር የእግር መንገድ ሆኖ ተገኘ። ለብዙ ዘመን በፈረስ ኮቴ ተረግጦ የኖረ መብት እንዲህ በአንድ የብዕር መስመር ጠበበ፤ በ1947 የተቋቋመው የብሪታንያ የፈረስ ማኅበርም ከዚያ ወዲህ የዚህን ስሕተት ፍሬ ሲያርም ኖሯል።

ፈረስ ግን እንደ ተገመተው አልጠፋም፤ ከእርሻ ቢወጣም በመዝናኛነት ተመለሰ፤ መኪናው እየበዛ ሲሄድም አስፋልቱ ለፈረሰኛ የሞት ስፍራ ስለ ሆነ፣ የደንና የወል መሬት መንገድ ከቀድሞው ይልቅ ተፈላጊ ሆነ። የ1968 የገጠር ሕግ ብስክሌተኛ በፈረስ መንገድ እንዲሄድ ፈቅዶ፣ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ግን ቅድሚያ እንዲሰጥ አዘዘ፤ በ1972 የሳውዝ ዳውንስ መንገድ ለእግረኛና ለፈረሰኛ በአንድነት ተከፈተ፤ የ1980 የመንገድ ሕግም በፈረስ መንገድ ላይ የሚቆም በር ስፋቱ ከ5 ጫማ እንዳያንስ ወሰነ። በ1985 የዳርትሙር የወል መሬት ሕግ ሲወጣ፣ ሕዝቡ በዚያ ሰፊ ምድር ላይ በእግርና በፈረስ የመግባት መብት እንዳለው በግልጥ ቃል ጻፈ፤ ፈረስ የሚለው አንድ ቃል በመግባቱ በዳርትሙር ፈረሰኛውን የሚጠራጠር ሕግ አልቀረም። በ1986 ደግሞ ሌዲ ሜሪ ታውንሊ ከወዳጆቿ ጋር ከኖርዘምበርላንድ እስከ ዳርቢሸር 250 ማይል ያህል በፈረስ ተጉዛ፣ የፔናይን የጥንት የጭነት መንገዶች ምን ያህል እንደ ተዘጉ ለአገሩ ሁሉ አሳየች፤ ከድካሟም የፔናይን የፈረስ መንገድ ተወለደ፤ እርሷ በ2001 ብታርፍም በስሟ የተሰየመው የ47 ማይል ዙሪያ መንገድ በ2002 ተከፈተ።

በዚህ መካከል ሁለት ነገሮች በሁለት ዓመት ልዩነት ተፈጸሙ፤ እነዚህም የነገሩን ምሥጢር ሁሉ ይገልጣሉ። በ1998 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1925 ሕግ የተጻፈው አየር የመቀበልና ሰውነትን የማንቀሳቀስ መብት በፈረስ መቀመጥንም እንደሚጨምር ፈረደ፤ ሕጉ ሰፊ ቃል ይዞ ነበርና ለፈረሰኛው ስፍራ ተገኘለት። በ2000 ግን ታላቁ የገጠርና የመተላለፊያ መብት ሕግ በወጣ ጊዜ፣ ተራራውን፣ ረግረጉን፣ ቁጥቋጦ ሜዳውንና የተመዘገበውን የወል መሬት፣ ማለት ከእንግሊዝ ምድር ከመቶው 8 እጅ ያህሉን፣ በእግር ለሚሄድ ሰው ብቻ ከፈተው፤ ከውሻ በቀር ሌላ እንስሳ ይዞ የሚገባ ሰው በዚያ መብት እንዳይጠቀምም ጻፈ። የመንግሥቱ የደን ኮሚሽን ከዚያ በኋላ ደኖቹን ለሕዝብ ሲያጸና ባብዛኛው ያጸናው ለእግረኛ ነው፤ ፈረሰኛው በብዙ ስፍራ የሚያልፈው በፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ደግሞ የሰጪው ነውና መልሶ ሊወሰድ ይችላል። በስኮትላንድ ግን የ2003 የመሬት ማሻሻያ ሕግ፣ ሥራ ላይ ከዋለበት ከ2005 ጀምሮ፣ በኃላፊነት እስከ ተገባ ድረስ እግረኛን፣ ብስክሌተኛንና ፈረሰኛን በአንድ መዓድ አስቀመጣቸው።

ፈረሰኛን የሚቃወሙ ሰዎች ምክንያት የላቸውም ማለት ተገቢ አይደለም፤ ኮቴ እርጥብ መሬትን ያቦካል፤ በምድር ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎችም ይታወካሉ። ነገር ግን እነዚህ ነገሮች በጊዜና በስፍራ በሚወሰን ደንብ የሚታረሙ ናቸው እንጂ፣ መብቱን በመላው ለመንፈግ ምክንያት አይሆኑም፤ ለእግረኛው የተደረገው ይኸው ነውና። በሌላ በኩል መንገዱ የተዘጋበት ፈረሰኛ የሚወርደው ወደ አስፋልት ነው፤ የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ በ2022 ተሻሽሎ ሾፌር ፈረስን ሲያልፍ በሰዓት ከ10 ማይል እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ 2 ሜትርም ርቆ እንዲያልፍ ማሳሰቡ አደጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ያስረዳል።

የ2000 ሕግ ሌላም ቀንበር ጭኖ ነበር፤ ይኸውም ከ1949 በፊት የነበረና በሕጋዊ ካርታ ላይ ያልሰፈረ መንገድ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ካልተመዘገበ መብቱ እንዲጠፋ ነው። ከዚህ የተነሣ የፈረስ ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ወደ መዛግብት ቤት ገብተው፣ የመሬት መታጠር ውሳኔዎችን፣ የዐሥራት ካርታዎችንና የ1910 የግብር መዛግብትን ሲመረምሩ ከረሙ፤ በ2015ም የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1801 ሕግ የተዘረጉት የፈረስና የእግር መንገዶች ኮሚሽነሮቹ በተገቢ ሥልጣን ያቆሟቸው መሆናቸውን ሲፈርድ፣ ለሁለት መቶ ዓመት በመዝገብ ውስጥ የተኛ የኮሚሽነር ፊርማ እንደ ገና ሕያው ምስክር ሆነ። የጊዜው ገደብ በ2023 ወደ 2031 ተዛወረ፤ በዲሴምበር 2024ም መንግሥት ጨርሶ እንደሚሽረው አስታወቀ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። የ1217 ቻርተር የጭነቱን ፈረስ ስለ ጠራው መተላለፊያው ታወቀ፤ የ1985 የዳርትሙር ሕግ ፈረሰኛውን ስለ ጠራው መብቱ ጸና፤ የ1949 መዝጋቢዎችና የ2000 ሕግ አውጪዎች ስላልጠሩት ግን ጠፋ። እንግዲህ የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ ገጠር መንገድ ዳግመኛ ሕግ ሲያወጣ፣ ፈረሰኛውን ከእግረኛው አጠገብ በስሙ ሊጽፈው ይገባል፤ ይህንም መለመን ሳይሆን የራሱ የነበረውን መመለስ ይሏል። በወል ነገር ላይ መብት ያለው ሕዝብ ሁሉም፣ ልማዱ ገና ሕያው ሳለ፣ የሚመሰክሩትም ሽማግሌዎች ሳያልፉ፣ ማንም ሳይከራከረው ያጽፈው፤ ተከራካሪ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ መብት እኩሌታው ብቻ ነው የሚጻፈውና።